ፍሬን የተገጠመለት ጊታር

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጳውሎስ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ሁለተኛ ድምፅ እዘምራለሁ። ሁለተኛ ድምፅ ማለት ከሥር ሆኖ የሚደግፈው ነው፤ ካልተሳሳትን በቀር መኖራችንን የሚያውቅ የለም። ይሄን ታሪክ ለማየት ግን ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም። የምቆመው ከመስመሩ ጫፍ፣ ከጊታሩ ወንበር ጎን ስለነበር አባቴን ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው አየዋለሁ። የዚያ ዓመት ነገራችን ደግሞ ዋናው ጫማው ላይ ነበር።

አባቴ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ከዊንጌት ፒያሳ፣ ከፒያሳ ዊንጌት፣ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ። መንገዱ ላይ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ ያውቀዋል፤ አንዱን ተደፍኖ ያገኘው ቀን ጎረቤት የለቀቀበት ይመስል ማታ ራት ላይ ሲያወራው ያመሻል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን መኪናውን ያቆምና ጊታሪስት ይሆናል። ጊታሩን የተማረው ታክሲ ተራ ላይ ተራ ሲጠብቅ ነው፤ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም። ቀይ የኤሌክትሪክ ጊታር አለው፤ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ የኋላ ወንበር ላይ ያስተኛዋል። መዘምራኑ ሲመሠረት ከነበሩት ውስጥ እስካሁን የቀረው እሱ ብቻ ነው።

የሚታወቀው ደግሞ በአንድ ነገር ነበር፤ ክር ያስለቅሳል። ክሩን በግራ ጣቱ ይይዝና ወደ ላይ ገፋ ያደርገዋል፤ ድምፁ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ሊያለቅስ ያለ ሰው ከንፈሩ እንደሚንቀጠቀጠው ይንቀጠቀጥና እላይ ይቆማል። በእኛ አገር ዜማ ይሄ ጌጥ አይደለም። አንቺሆዬ ቅኝት ያለዚያ ነገር ጨው ያልገባበት ወጥ ነው። አባቴ መግቢያውን ሲጀምር ምዕመናኑ ገና ቃል ሳይሰሙ ከቦርሳቸው ሶፍት ማውጣት ይጀምሩ ነበር።

አንድ የክረምት ቀን ጎማ ፈነዳበትና መንገድ ዳር ሲቀይር ክሪኩ ተንሸራቶ ቸርኬው ግራ እጁ ላይ አረፈ። ሐኪሞቹ ጣቶቹን አተረፉለት፤ ስለ እሱ እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለቱ ጣቶች ግን ጉልበት አልተመለሰላቸውም። ለመንዳት ይበቃሉ፤ ክር ለመግፋት አይበቁም። ወደ መዘምራኑ ሲመለስ የሚጫወተው ትክክል ነበር፣ አንድም አልሳተም፣ ግን በቃ፣ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት የሚናገር ሰው ይመስል ነበር። ሶፍቱን ያወጣ ሰው ሁሉ መልሶ ከተተ።

ጥቂት ጊዜ ታገሡት። ከዚያ አንድ እሁድ ከአገልግሎት በኋላ አንድ ሽማግሌና አሠልጣኛችን ቤታችን መጡ። አሠልጣኛችን ወጣት ነው፤ ሙዚቃ በትምህርት የተማረ፣ ኪቦርዱን የሚጫወትና መዘምራኑን የሚመራ፣ ጨዋ ልጅ። ገብተው ጸለዩ፣ ሻይ ጠጡ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ደግመው ሻይ ጠጡ። እናቴ አመጣጣቸውን አውቃው ኖሮ ሦስተኛ አልቀዳችም። በመጨረሻ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው ለብዙ ዘመን ስላገለገለን እያመሰገንን አሁን ደግሞ የመዘምራኑ አማካሪ እንዲሆን ወስነናል አሉ።

እንግዲህ በእኛ ቤተ ክርስቲያን አማካሪ ማለት ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል። ከፊት መስመር ወንበር ይሰጥሃል፤ በበዓል ቀን ስምህ ይጠራል፤ ምንም አይጠይቁህም።

አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠና "ማንን ነው የማማክረው?" አለ።

አሠልጣኙ አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ደግመን እንጸልይ አሉ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ መሄጃ አጣ። እናቴ ዊንጌት አካባቢ ትንሽ ሱቅ አላት፤ ለተማሪ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ለሰፈር ሳሙናና ዘይት ትሸጣለች። ሄዶ እዚያ መቀመጥ ጀመረ። መቀመጡ ባልከፋ። ሊያግዛት ፈለገ እንጂ። ዕቃውን እንደ ተሳፋሪ ደረደረው፤ ቶሎ የሚወርደው በር አጠገብ፣ ሩቅ የሚሄደው ወደ ኋላ። እናቴ ክብሪት ፈልጋ ግማሽ ሰዓት ትንበረከካለች። ሁለት ተማሪዎች አብረው ከገቡ ደግሞ ከተቀመጠበት የሳሙና ሳጥን ሳይነሳ "ጠጋ ጠጋ በሉ" ይላቸዋል። ሱቋ ውስጥ ከሁለት ሰው በላይ ቆሞ አያውቅም።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ መሰለኝ፣ እናቴ ጓሮ ጠራችኝ። "ስሚ" አለችኝ፣ "ለዚህ ሰውዬ አንድ ነገር ፈልጊለት። ጊታሩን መልሺለት፣ ሌላ ጊታር ስጪው፣ የፈለግሽውን አድርጊ። ካልሆነ ግን ወይ እሱ ወይ ሱቁ።"

ሳቀች ብዬ አየኋት፤ አልሳቀችም። ማታ ማታ እሱ ከተኛ በኋላ የጊታሩን ብርድ ልብስ ገልጣ አቧራውን እንደምትጠርገው የማውቀው እኔ ነኝ። የሱቁ ነገር እውነት ነው፤ ግን ሱቁ ብቻ አልነበረም።

እኔ የማውቀው ዩቲዩብ ነው። ጊታር ብዬ ፈልጌ፣ ከዚያ ወደዚያ እየተሻገርኩ፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አገኘሁ። ባርኔጣ አድርጎ ተቀምጧል፤ ጊታሩ ፊቱ እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ ከሥሩ ፔዳሎች ተደርድረዋል። ክሩን በጣቱ አይገፋውም። በእግሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ክሩ ራሱ ይወጣል፣ ያለቅሳል፣ እግሩን ሲያነሳ ይመለሳል። ስልኩን ለአባቴ ሰጠሁት። አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አየው። ደግሞ አየው። እግሩን አሳዪኝ አለ፤ ቪዲዮው እግሩን ብዙ አያሳይም አልኩት፤ ስልኩን ዘቅዝቆ ከሥር ለማየት ሞከረ።

በመጨረሻ "ይሄ ሰውዬ ሾፌር ነው" አለ።

"አባዬ፣ ምኑ ነው ሾፌር?"

"ፍሪሲዮን ሲለቅ አታዪም እንዴ? ቀስ ነው የሚለው። ይሄ ዳገት ላይ የተማረ እግር ነው።" ስልኬን መለሰልኝና ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ። "ጣቴ ነው እንጂ የተጎዳው እግሬ ምን ሆነ?"

በማግስቱ ከአንድ ጋራዥ የሞተ ሚኒባስ ሁለት ፔዳል ነቅሎ መጣ። ከብስክሌት ጠጋኝ የፍሬን ገመድ አመጣ፣ ከአሮጌ አልጋ ሞላ ፈታ፣ የበር ማጠፊያ ገዛ። ሰፈራችን ያለው በያጅ መጀመሪያ የጋሪ ዕቃ መስሎት ነበር፤ ጊታር ነው ሲባል ቁጭ ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ሲያልቅለት ደግሞ ተነስቶ ማንም ሳይለምነው መቁረጥ ጀመረ። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ክሮቹ ከጊታሩ ጭራ በኩል ከታሰሩበት ተፈተው ከማጠፊያ በተሠሩ ትንንሽ ክንዶች ላይ ታሰሩ። ከክንዱ የብስክሌት ገመድ ወርዶ መሬት ካለው ጣውላ ላይ ከተበየደው ፔዳል ጋር ይያያዛል። ፔዳሉን ስትረግጥ ክንዱ ክሩን ይስበዋል፣ ክሩ ይወጠራል፣ ድምፁ ይወጣል። ስትለቅ ሞላው ይመልሰዋል። የግራው ፔዳል ፍሪሲዮን ተባለ፤ ሁለተኛውን ክር ይስባል። የቀኙ ነዳጅ ተባለ፤ የመጀመሪያውን ይስባል። ሌላ ስም ለመስጠት ማንም አልሞከረም።

መጀመሪያ ሲሞከር ክሩ ተበጥሶ ተፈናጠረና የበያጁን ኮፍያ ከራሱ ላይ አነሳው። ሁለተኛ ሲሞከር ክንዱ ተነቀለ። ስንት ጊዜ እንደተሞከረ አላስታውስም። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ግን በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ ጊታሩን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በደህናዎቹ ጣቶች ክሩን ያዘና ግራ እግሩን ቀስ አድርጎ ረገጠ።

ክሩ ወጣ። ቀስ እያለ ወጣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ እላይ ቆመ።

እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከውስጥ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አባቴ እኛን አላየንም፤ የሚያየው እግሩን ነበር። ደግሞ ረገጠ። ከዚያ መብራት ሲመለስ እንደሚባለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "መጣች" አለ።

ቅዳሜ ዕለት ጣውላውን ከፊት፣ እኔን ከኋላ ጭኖ ወደ ልምምድ ወጣን። መዘምራኑ ዙሪያችንን ከበቡ። ከጊታሩ ጭራ ሁለት ጥቁር ገመድ ተንጠልጥሎ ወደ መሬት ስለሚወርድ ጊታሩ ግሉኮስ የተሰካለት በሽተኛ ይመስላል። ከሶፕራኖዎቹ አንዷ ጠጋ ብላ "ታሞ ነው?" አለችኝ።

አባቴ ተቀመጠና መግቢያውን ተጫወተ። ሲጨርስ አሠልጣኙ ከኪቦርዱ ላይ እጁን አነሳ። ከዚያ እውነቱን ነገረው። ሽማግሌዎቹ ወስነዋል፤ ሌላ ጊታሪስትም እየተፈለገ ነው። ግን የመዘምራኑ የምሥረታ በዓል እየመጣ ነው፤ ያን ቀን መግቢያውን አባቴ ይጫወተው፤ እንደዚህ ከወጣለት አሠልጣኙ ራሱ ሄዶ ይከራከርለታል። ካልወጣለት ግን የአማካሪውን ወንበር ሳያኮርፍ ይቀበላል። አባቴ እጁን ዘረጋ፤ ተጨባበጡ።

አሁን ችግሩ የሾፌርነቱ ሆነ። እግሩ ብዙ ያውቃል፤ ከሚፈለገው በላይ። አንድ ኮርድ ይዞ ወደ ሌላው ሲሻገር እግሩ ሳይጠይቀው ፍሪሲዮን ይረግጣል፤ ይሄ እንግዲህ የስንት ዓመት ልማድ ነው፣ ማርሽ ሲቀየር የግድ ነው። ስለዚህ በየኮርዱ መሻገሪያ ጊታሩ "እዬዬ" ይላል። የደስታ መዝሙር እየዘመርን ለቅሶ ቤት የገባን መሰለ።

አሠልጣኙ በትዕግሥት "ጋሼ፣ ፍሪሲዮን ሳይረግጡም እኮ ይቀየራል" አለው።

"ማርሹ ይንኮታኮታላ።"

"ማርሽ የለውም፣ ጋሼ።"

"እሱን ለእግሬ ንገረው።"

ነገረው ማለት ይቻላል። አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ኮርድ ሊቀየር ሲል የአባቴን ጉልበት በእጁ እየያዘ አለማመደው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ አንዱ የሌላውን ጉልበት ይዞ። ሳቅ ይዞን ስንዘምር ቃሉ ሁሉ ይበላሽብን ነበር። አባቴ ደግሞ ኮርድ ከመቀየሩ በፊት በግራ ትከሻው በኩል ዞር ብሎ ያያል፤ መስታወት መሆኑ ነው። አልቶዎቹ እኛን የሚያይ መስሎን ፈገግ እንልለታለን። እሱን ማንም ሊያስተወው አልቻለም፤ ኋላ ላይ የጊታሩ ስልት መስሎ ተለመደ።

ፍሪሲዮኑ ሲስተካከል ሌላ መጣ። ቀኝ እግሩ ነዳጅ ላይ ሆኖ እየተጫወተ በየመሐሉ ወደ መካከል ይሄድና ባዶ መሬት ይረግጣል። ባዶ በረገጠ ቁጥር ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ኮርዱ ይጠፋዋል። ለአሠልጣኙ እንዲህ ብሎ አስረዳው፦ ፍሬን የሌለው ነገር ላይ ተቀምጦ አያውቅም፤ እግሩ ፍሬን እንዳለ ካላወቀ ልቡ አያርፍም። ሄዶ ከበያጁ ጋር ሦስተኛ ፔዳል መካከል ላይ አስገጠመ። በያጁ ደግሞ ገመድ ስለተረፈው ሁሉንም ክሮች አንድ ላይ አሰረለት። ሥራ እንዳይጎድል ብሎ ነው።

አሠልጣኙ ሲያየው "ይሄኛው ምንድን ነው?" አለ።

"ፍሬን።"

"ምን ያደርጋል?"

አባቴ ረገጠው። ክሮቹ በሙሉ አንድ ላይ ወጡ። ምን ልበላችሁ፣ አንድ ሙሉ ሰፈር ምጥ የያዘው ይመስል ነበር። ከጣሪያው ላይ ርግቦች ተነሱ። አሠልጣኙ ሁለት እጁን ጆሮው ላይ እንዳደረገ እባክዎ በበዓሉ ቀን ይሄን እንዳይነኩት ብሎ ለመነው። አባቴም ፍሬን ያለ ምክንያት የሚይዝ ሾፌር ተሳፋሪ የሚያስለቅስ ነው፣ እኔ እንደዚያ አይደለሁም አለ። እውነቱን ነው፤ ከዚያ በኋላ በልምምድ አንዴም አልነካውም። ፔዳሉ መኖሩ ብቻ በቃው። ባዶ መሬት መርገጡም ቀረ።

የበዓሉ እሁድ ዝናብ ሌሊቱን ጥሎ ጠዋት አቁሟል። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ በመስኮት የሚያዩም ነበሩ። እናቴ ሱቋን ዘግታ ከፊት ተቀምጣለች፤ ከጎኗ የአማካሪዎቹ ወንበሮች አሉ፣ አንዱ ባዶ ነው። ማን እንዳዘጋጀው አላውቅም፤ ክፉ አስቦ ያደረገው ሰው አልነበረም። አባቴ ግን ሲገባ አየው። ያን ወንበር አይቶ ሸሚዙን አስተካከለና ሄዶ ጊታሩ ጋ ተቀመጠ።

ብቻውን ጀመረ። ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ ረገጠ፣ ክሩ ወጣ፣ ዳገት ላይ እንደቆመ መኪና ወደ ኋላ ሳይንሸራተት እላይ ቆየ። ከዚያ ነዳጁን ጨመረበት፤ የመጀመሪያው ክር ሁለተኛውን ተከትሎት ወጣ። ከየቦርሳው ሶፍት ሲወጣ ከቆምኩበት ይታየኛል። አሠልጣኙ ከኪቦርዱ ኋላ ዓይኑን ጨፍኖ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። እኛም ገባን፤ አንደኛው ስንኝ ሄደ፣ አዝማቹ ሄደ፣ ሁለተኛው ስንኝ ሄደ። በልቤ አለቀ፣ ቦታው የእሱ ነው ብያለሁ።

በቤተ ክርስቲያናችን አንዲት እናት አሉ። ዝማሬ ሲነካቸው ዓይናቸውን ይጨፍኑና እጃቸውን ዘርግተው መሄድ ይጀምራሉ። ሁሌ አስተናጋጆቹ ክንዳቸውን ይዘው ያቆሟቸዋል። ያን ቀን ግን አስተናጋጆቹም እያለቀሱ ነበር። እናታችን በመካከለኛው መተላለፊያ ቀጥ ብለው መጡ፤ ወደ መድረኩ፣ መሬት ላይ ወደተዘረጋው የድምፅ ማጉያ ገመድ፣ ወደ አባቴ።

አባቴ ቀና ሲል አያቸው። ፊቱን እያየሁት ነበር፤ የጊታሪስት ፊት ጠፍቶ ፒያሳ ቁልቁለቱ ላይ መንገደኛ ሲገባበት የሚሆነውን ሆነ። ቀኝ እግሩ ከነዳጁ ላይ ተነሳ።

ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረገጠው።

ክሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ጮኹ። እናታችን ዓይናቸውን ገልጠው ገመዱ አፋፍ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ስለዚህ ፍሬኑ አልሠራም ልል አልችልም። ምዕመናኑ ደግሞ መዝሙሩ እዚያ ጋ እንደዚህ ነው ብለው እልልታውን አቀለጡት። ችግሩ ግን አባቴ እግሩን ሲያነሳ ነው የመጣው። የፍሬኑ ገመድ ከመንገዱ ወጥቶ ጣውላው ላይ ባለ ምስማር ተይዟል። ክሮቹ እንደተወጠሩ ቀሩ። ጊታሩ ከነበረበት ወጥቶ አንድ እርከን ላይኛው ቤት መኖር ጀመረ።

የእኛ መዘምራን ደግሞ ጊታሩን ተከተሉ ተብለው ነው የሠለጠኑት። ተከተልነው። አሠልጣኙ ዓይኑን ሲገልጥ ያየሁት አይረሳኝም፤ አንድ ጊዜ አባቴን፣ አንድ ጊዜ እኛን አየና እጁ ኪቦርዱ ላይ ወዳለችው ድምፅ ማንሻ ቁልፍ ሮጠ። ጠቅ፣ ጠቅ። ኪቦርዱም ወጣና እላይ ተገናኘን። መዝሙሩ ግን ገና ሁለት ስንኝ ቀርቶታል፤ ያውም ከፍ የሚለው ቦታ የሚመጣው መጨረሻው ላይ ነው። የሶፕራኖዎቹ አንገት ሥር ተገተረ። ቴነሮቹ በእግር ጣታቸው ቆሙ፣ ቁመት ድምፅ የሚጨምር ይመስል። እኔ እንኳ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንደኛ ድምፆች የሚኖሩበትን ሰፈር አየሁት፤ አየር የለውም። አባቴ በቀረችው ጊታር፣ ያለ ልቅሶ፣ ኮርዱን ብቻ ይዞ እስከ ዳር አደረሰን። ፊቱ ላብ ብቻ ነበር። አንዴ ከፊት ወዳለው ባዶ ወንበር ሲያይ ያዝኩት።

ሲያልቅ ከመድረኩ ኋላ ባለችው ክፍል ተሰበሰብን። ሁሉም ውኃ ይጠጣል። አባቴ ጊታሩን ብርድ ልብሱ ውስጥ እየጠቀለለ ነበር።

አሠልጣኙ መጥቶ አጠገቡ ቆመ። "ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?"

"ሰው ገባብኝ" አለ አባቴ።

አንድ ባስ ዘማሪ ውኃው ትን አለው። ከዚያ ሳቁ አንዴ ከተጀመረ በኋላ የሚያቆመው ጠፋ። ያቺ ታሞ ነው ያለችኝ ሶፕራኖ ጉሮሮዋን ይዛ፣ በተዘጋ ድምፅ፣ መግቢያው አጥንቴ ድረስ ገባ፣ መጨረሻው ግን አጥንቴን ይዞ ወጣ አለች። አባቴ ብቻ አልሳቀም። ብርድ ልብሱን ማጠፉን ቀጠለ።

በዚህ መሐል ቤታችን መጥተው የነበሩት ሽማግሌ ገቡ። ሁላችንም ተነሳን። ደስ እንዳላቸው ያስታውቃሉ፤ ሙዚቃ ብዙም አያውቁም። ያ ድንገት ከፍ ያለበት ቦታ ግሩም ነው፣ የተለማመዳችሁት ነው ወይ ብለው ጠየቁ።

አዎ ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር። አሠልጣኙ ግን "አይደለም፣ እሱ ስህተት ነው" አለ። "መግቢያው ግን የተለማመድነው ነው። እሱን ከጋሼ ሌላ የሚጫወትልኝ የለም። አማካሪ አያድርጉብኝ።"

ሽማግሌው አባቴን አዩ፣ ጣቶቹን አዩ፣ ከዚያ ጣውላው ላይ ያሉትን ፔዳሎች ለረጅም ጊዜ አዩ። እንግዲህ የመዘምራኑ ነገር የእናንተ ነው ብለው ወጡ። አሠልጣኙ ወደ አባቴ ዞረ። "ፍሬኑ ይውጣ፣ እርስዎ ይቅሩ።"

አባቴ ቀና አለ። "ፍሬን ከሌለው አልቀመጥበትም።"

ያን ሁሉ ወር የለፋበትን ቦታ ሊሰጡት እጃቸውን ዘርግተው፣ እሱ በፍሬን ምክንያት ሊመልሰው ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ኖሮ "አንተ ሰውዬ፣ እሺ በል" አለች። እሺ አላለም።

አሠልጣኙ ጣውላው ፊት ተንበረከከና ገመዶቹን በጣቱ ተከተለ። "ፍሬኑ ይኑር" አለ በመጨረሻ። "ገመዱ ይፈታ።"

"የትም ያልታሰረ ፍሬን?"

"የትም ያልታሰረ።"

አባቴ አሰበበት። "እግሬ ያውቃላ።"

"እርስዎ አይንገሩት።"

በዚህ ተስማሙ። ገመዱን እዚያው ፈቱት፤ አባቴ ተቀምጦ ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ረገጠ፣ ምንም አልሆነም፣ ደስ አለው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለልምምድ ስንወጣ ጊታሩን ከኋላ ወንበር አንስቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ፤ አንቺ ያዢው፣ ጉድጓዱ ይጎዳዋል አለኝ። ዛሬም አስተናጋጅ ከፊቱ ሲያልፍ፣ ሕፃን ሲሮጥ፣ ያቺ እናታችን ሲነሱ፣ ቀኝ እግሩ ሄዶ ፍሬኑን ይይዛል። መዝሙሩ ይቀጥላል።

አሠልጣኙ ከዚያ በኋላ ልምምድ ሲያልቅ ወንበሩ ላይ እየተቀመጠ ፔዳሎቹን መሞከር ጀመረ። ሙዚቃው ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ አለ፤ እግሩ ግን አይሰማውም። ቀስ በል ሲለው ይዘላል፣ ልቀቅ ሲለው ይረግጣል። አባቴ ቆሞ ትንሽ ካየው በኋላ መኪና ትነዳለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። አልነዳም አለ። ታዲያ ምን ብለህ ነው እዚህ የምትቀመጠው አለው።

ሰኞ ጠዋት መጣ። አባቴ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሚኒባሱን ከሰፈራችን በላይ ያለው ዳገት ላይ እያቆመ ፍሪሲዮን አለቃቀቅ አስተማረው። ልጁ መኪናውን ስንት ጊዜ እንዳጠፋው የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። መንጃ ፈቃድ ሁለተኛ ፈተና ላይ አለፈ። ያን ቅዳሜ አባቴ ጊታሩን ሰካ፣ ቃኘ፣ ለአንድ መዝሙር ብሎ ከወንበሩ ተነሳና ልጁን አስቀመጠው። እሱ ደግሞ ወደ ኋላ ሄዶ ከባሶቹ መስመር ቆመ።